ስለ «ዝምተኛው አሜሪካዊ» እና ስለ ሻይ ቤቱ ሣቅ

ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በካምፓችን ሻይ ቤቶች አንድ ጨዋታ ተለምዷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አንዱ ይጀምርና፣ «አሜሪካኖች እኮ አፍሪካ አንድ አገር ትመስላቸዋለች» ይላል። ሁለተኛው ይቀበልና ጉዳዩን የመረመረው ሰው አገራችንን በካርታ ላይ ሲፈልግ ጣቱን ከምዕራብ አፍሪካ እንደ ጀመረ ይተርካል። ሦስተኛው ደግሞ አሜሪካ የገባ የአክስቱ ልጅ በስልክ ያጫወተውን ያክላል፤ የሥራ ባልደረባው ኢትዮጵያ የናይጄሪያ ከተማ መሆኗን ጠይቆታል አሉ። ብርጭቆው እስኪንቀጠቀጥ እንስቃለን። እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎችም ከሣቂዎቹ መካከል ነበርን፤ ያውም ድምፃችንን ከፍ አድርገን።

ጨዋታው በዚያ ወር የተወለደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶናልድ ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ በፈረሙት ትእዛዝ የስደተኞች ቅበላ ታገደ። የሕክምና ምርመራቸውን ጨርሰው፣ የጉዞ ቀናቸው ተነግሯቸው፣ ዕቃቸውን ለጎረቤት አከፋፍለው የነበሩ ሰዎች በረራቸው ተሰረዘ። ድስቷን በስጦታ ሰጥታ ያንኑ ድስት ለመበደር የተመለሰች እናት በእኛ ብሎክ አለች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ወይ ያለቅሳል ወይ ይስቃል። ልቅሶው ከሁለት ሳምንት አላለፈም፤ ሣቁ ግን ሰነበተ።

የንባብ ክበባችን የግራሃም ግሪንን «ዝምተኛው አሜሪካዊ» የመረጠው በዚህ ሣቅ መካከል ነው። አንዳንዶቻችን መጽሐፉ ጨዋታችንን ያዳብርልናል ብለን እንደ መረጥነው አንሸሽግም። አሜሪካኖች ስለ ሌላው ዓለም ፖለቲካ ምንም አያውቁም የሚለውን ነገር አንድ ታላቅ ደራሲ ቢመሰክርልን ደስ ባለን ነበር።

መጽሐፉ የደረሰን በርዳታ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ ነው። ልባሱ የለም። ከውስጥ በኩል የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም አርፎበታል፤ በጀርባውም መጽሐፉን የወሰደ ሰው የሚመልስበት ቀን የሚመታበት ካርድ እንደ ተለጠፈ ነው። ስለ ካርዱ ኋላ እንመለስበታለን። ስድስት ረቡዕ ማታ አነበብነው። እንግሊዝኛ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ተራ በተራ ያነባሉ፤ አንዳችን በአማርኛ እንተርካለን፤ እናቶች ቡና እያፈሉ ያዳምጣሉ፤ የባትሪው መብራት ሲደክም እናቆማለን። እንዲህ ተነብቦ የሚጻፍ ሂስ ብቻውን ተቀምጦ ያነበበ ሰው እንደሚጽፈው አይሆንምና አንባቢ ይህን ይወቅልን።

ልብ ወለዱ የታተመው በ1955 ነው። ግሪን እንግሊዛዊ ሲሆን ከ1951 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ወደ ኢንዶቻይና እየተመላለሰ ለጋዜጦች ይጽፍ ነበር። መቼቱ ሳይጎን ነው፤ ፈረንሳዮች ቅኝ ግዛታቸውን ላለመልቀቅ ከቬትናም ታጋዮች ጋር የሚዋጉበት የመጨረሻ ዘመን። ተራኪው ፋውለር ዕድሜው ገፋ ያለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ሚስቱን አገሩ ትቶ ፉኦንግ ከምትባል ወጣት ቬትናማዊት ጋር ይኖራል፤ ማታ ማታ ኦፒየም ያጨሳል፤ ከማንም አልወግንም ባይ ነው፤ በዚህም ይኮራል። በዚህ ኑሮው ላይ ፓይል የተባለ ከቦስተን የመጣ አሜሪካዊ ይደርሳል። ፓይል እንደ እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ጨዋ፣ ጸጥተኛ፣ ለሴት ክብር የሚሰጥ፣ ውሻውን የሚወድ ሰው ነው። የሚሠራው በኢኮኖሚ ርዳታ መሥሪያ ቤት ነው ይባላል። ሌላ ሥራ እንዳለው የምንረዳው ቀስ እያልን ነው።

ፓይል ስለ እስያ የሚያውቀውን ያወቀው ዮርክ ሃርዲንግ ከሚባል፣ ግሪን ራሱ ከፈጠረው ደራሲ መጻሕፍት ነው። ይህ ዮርክ ሃርዲንግ በቬትናም እግረ መንገዱን ያለፈ እንጂ የኖረ ሰው አይደለም። መድኃኒቱ ግን ተዘጋጅቷል፤ ቅኝ ገዥም ኮሚኒስትም ያልሆነ ሦስተኛ ኃይል ማቋቋም ነው። ፓይል ይህን ሦስተኛ ኃይል ፍለጋ ወጥቶ ጄኔራል ቴ የሚባል የጦር አለቃ ያገኛል (ጄኔራሉ በእውን የነበረ ሰው ነው)። ፈንጂ የሚሠራበትን ፕላስቲክ ያቀርብለታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሴቶች ገበያ በሚወጡበት ሰዓት በአደባባዩ ላይ ፈንጂው ይፈነዳል። ሰልፍ ይኖራል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሰልፉ ቀርቷል፤ ፈንጂው ግን አልቀረም። ልጇን ያጣች እናት ሬሳውን በገለባ ባርኔጣዋ ሸፍናው ትቀመጣለች። ፓይል ጫማውን ያያል፤ ደም ነክቶታል። ሚኒስትሩን ከማግኘቱ በፊት ማስጠረግ እንዳለበት ይናገራል።

እዚህ ላይ ስንደርስ የቡናው ስኒ ዝም አለ። ማንም አልሳቀም።

የመጽሐፉን አሠራር እንመልከት። ግሪን ታሪኩን የሚጀምረው ከፓይል ሞት ነው። ሬሳው ከድልድይ ሥር ተገኝቷል፤ የፈረንሳይ ፖሊስ ፋውለርን እየጠየቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ስለዚህ ፓይል የሞኝ ነገር በተናገረ ቁጥር የምንስቀው በሟች ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ረቡዕ ማታዎች እንዲህ እንደ ሆነ ሳናስተውል ስቀናል። በሦስተኛው ረቡዕ ፓይልና ፋውለር በመንገድ ላይ ይመሽባቸውና ከአንድ የጥበቃ ማማ ላይ ያድራሉ፤ ማማው ይመታል፤ ፋውለር እግሩ ይሰበራል፤ ፓይል ጥሎት አይሄድም፤ ሕይወቱን ያድነዋል። ሣቃችን ከዚያ ወዲያ እንደ በፊቱ አልሆነም። ደራሲው ይህን አስቦ እንዳደረገው አንጠራጠርም። የሚጠላውን ሐሳብ ለሚወደድ ሰው ሰጥቶታል፤ ይህ ከመጽሐፉ ጥንካሬዎች ዋነኛው ነው።

ለመሆኑ ፓይል የማያውቅ ሰው ነውን? ሻይ ቤት የመጣው ፓይል ካርታ የማይለይ ነው። የግሪን ፓይል ግን አንብቧል፤ ያነበበውንም አስታውሷል። ከእኛ መምህራን ማሠልጠኛ ቢመጣ በፈተና አንደኛ ይወጣ ነበር። ችግሩ ዕውቀት ማጣቱ ላይ ሳይሆን ዕውቀቱ ካየው ነገር መብለጡ ላይ ነው፤ ከፊቱ የቆመችውን ሴት በመጽሐፉ ውስጥ ስላላገኛት አላያትም። ይህን ስናነብ በመካከላችን ያለን አስተማሪዎች ተያየን። እኛ ሥነ ዜጋ አስተምረናል። ሦስቱን የመንግሥት አካላትና ሥልጣናቸውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ አስገልብጠን፣ ፈትነን፣ መቶ ከመቶ ሰጥተናል። መቶ ያገኘው ተማሪ አባቱ ሲታሰር ወደ የትኛው አካል መሄድ እንዳለበት መጥቶ ጠየቀን፤ የሰሌዳው መልስ በእጃችን ነበር፤ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልነበረንም። ከዚያ በፊት የነበሩት የእኛ ታላላቆች፣ የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ተማሪዎች፣ የሆ ቺ ሚንን ስም እየጠሩ ሲሰለፉ ስለ ቬትናም ገበሬ ያነበቡት ከጎረቤት ወረዳ ገበሬ ካወቁት ይበልጥ የነበረባቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ዮርክ ሃርዲንግ ቦስተን ብቻ አልተነበበም።

አሁን ደግሞ መጽሐፉን የምንነቅፍበት ቦታ ላይ ደረስን። ስለ አሜሪካዊው የሚነግረን ማን ነው? ፋውለር ነው። ፋውለር የቆየ ቅኝ ገዥ አገር ልጅ ነው፤ በሳይጎን ያሉት ወዳጆቹም ፈረንሳዮች ናቸው። ጀንበር የጠለቀችበት ባለርስት አዲሱን ወራሽ ሲያይ በአነጋገሩና በአለባበሱ ይስቃል፤ ስለ እርሻው ግን አይከራከርም። ፋውለር ፓይልን የመጽሐፍ ዐዋቂ ብሎ ይንቀዋል፤ ራሱ ግን ከፉኦንግ ጋር የሚነጋገረው በፈረንሳይኛ ነው። አልወግንም ያለውም ሰው በመጨረሻ ይወግናል። ፓይልን ለሚገድሉት ሰዎች ምልክት የሚሰጠው በመስኮት አጠገብ መጽሐፍ ይዞ በመቆም ነው። ይህን ሲያደርግ ስለዚያች እናት ተቆጥቶ ነውን? ወይስ ፓይል ፉኦንግን ሊወስድበት ስለ ሆነ? ግሪን ሁለቱን ቋጠሮ ሳይፈታ ይተዋቸዋል፤ ደግ አድርጓል። እኛ ግን አንድ ነገር ልብ ብለናል። ባዕድ ሰው ስለ አሜሪካዊው አለማወቅ ሲናገር፣ በንግግሩ ውስጥ ምን እንደ ተወሰደበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ፋውለር ሴት ሊወሰድበት ነበር። ከእኛ የተወሰደው በረራ ነው።

በአምስተኛው ረቡዕ አንዲት እማማ፣ ስኒ እያጠቡ፣ «ልጅቷስ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። ተራኪው ገጹን አገላብጦ መልስ አጣ። እማማ ቀጠሉ፦ «ሁለት ወንዶች ይከራከሩባታል። አንዱ ሞተ። እሷን የጠየቃት አለ?» በእውነት ፉኦንግ በመጽሐፉ ውስጥ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ኦፒየም ታዘጋጃለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ እኅቷ ደህና ትዳር ትፈልግላታለች። አንድ ቦታ ላይ ስለ ለንደን ስትጠይቅ ሰማይ ጠቀስ ፎቅና የነፃነት ሐውልት በዚያ ያሉ ይመስላታል፤ የኒውዮርኩን ከለንደኑ አምታታችው። ፋውለር በዚህ አያፌዝባትም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። አሜሪካዊ ሲያምታታ ንቀት፣ ቬትናማዊት ስታምታታ ፍቅር ማለት ነው። ሁለቱም ቢሆን ሰውዬውን እንደ እኩል መቁጠር አይደለም። ግሪን ይህን ያየ አይመስለንም፤ እማማ አይተውታል። እኛም ለአምስት ሳምንት በፓይልና በፋውለር ስንከፋፈል ጥያቄው አልመጣልንም ነበርና የደራሲውን ጥፋት ብቻውን አንቆጥርበትም።

ስለ ፊልሞቹ በአጭሩ እንለፍ። በ1958 ጆሴፍ ማንክየዊች ያዘጋጀው ፊልም ጥፋቱን ከአሜሪካዊው አንሥቶ በኮሚኒስቶቹ ላይ ጣለው፤ ግሪንም ተቆጣ። በ2002 ፊሊፕ ኖይስ ያዘጋጀው ወደ መጽሐፉ የቀረበ ነው፤ ከሴፕቴምበር 2001 አደጋ በኋላ ግን አሁን የሚታይበት ጊዜ አይደለም ተብሎ ለሕዝብ መታየቱ ዘግይቶ ነበር። አንድ ሕዝብ እንዳያውቅ የሚደረግበትም መንገድ እንዳለ እዚህ ላይ ይታያል።

ከዚህ መጽሐፍ ጎን ለጎን ሌላ ሊነበብ የሚገባው አለ፤ በ1958 የታተመው የሌደረርና የበርዲክ «አስቀያሚው አሜሪካዊ»። ደራሲዎቹ አሜሪካውያን ናቸው፤ ስለዚህ ወቀሳው ከባዕድ አፍ አይደለም። በሥነ ጽሑፍ ደረጃ ከግሪን ጋር አይወዳደርም፤ ሰዎቹ በጥቂት መስመር የተሣሉ ናቸው፤ ፖለቲካውም የቀዝቃዛው ጦርነት ፖለቲካ ነው። ይሁን እንጂ ከውስጡ አንድ ታሪክ ለእኛ ካምፕ የተጻፈ ይመስላል። ሳርካን በምትባል በምናብ በተፈጠረች የእስያ አገር ረኃብ ይገባል። አሜሪካ ሩዝ ትልካለች። ጆንያዎቹ ላይ ግን ሌሎች ሰዎች ተቀድመው፣ በአገሩ ቋንቋ፣ ይህ ሩዝ የሩስያ ስጦታ ነው ብለው ያትሙበታል። አሜሪካኖቹ ቆመው ያከፋፍላሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ የአገሩን ፊደል የሚያነብ በመካከላቸው የለም። ይህን ስንተርክ የሣቀው ሕዝብ በአምስት ብሎክ ሳይሰማ አልቀረም። ከበራችን ላይ የተመታው ቆርቆሮ የዘይት ጣሳ ነዋ! የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆኑ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ዝገት ከዳር ጀምሮታል፤ ያንን ጣሳ ይልክ የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስኤይድ፣ በጁላይ 2025 ሥራውን አቁሟል።

ስለዚሁ መጽሐፍ አንድ ስሕተት እናርም። ሰዎች «አስቀያሚው አሜሪካዊ» ሲሉ ትዕቢተኛውን፣ ቋንቋ የማያውቀውን ማለታቸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን አስቀያሚው ሆመር አትኪንስ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መልኩ ነው የማያምር። ገጠር ገብቶ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እየተመካከረ፣ በቢስክሌት ኃይል የሚሠራ የውኃ መሳቢያ ይሠራል። ጥሩው ሰው እርሱ ነው። ስሙን የምንጠራው ሁላችን መጽሐፉን አላነበብነውም ማለት ነው፤ አለማወቅ በየደጁ አለ። ጆን ኬኔዲ ገና ሴናተር ሳሉ ይህ መጽሐፍ ለባልደረቦቻቸው ሁሉ እንዲዳረስ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት በሆኑበት በ1961 ደግሞ የሰላም ጓድ ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1962፣ ከ270 በላይ የሚሆኑ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ኢትዮጵያ ገብተው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመደቡ። ከኋለኞቹ አንዱ የአንዳችንን አባት ሒሳብ አስተምሯል። አባታችን ስለ እርሱ ሲያወሩ ሁለት ነገር አይረሱም፤ መጀመሪያ ሲመጣ ንጉሡ በምርጫ የተቀመጡ መስሎት ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ በሁለት ዓመቱ የአካባቢውን ቀብርና ተዝካር ሳያጓድል ይደርስ ነበር፣ የማን ላም ከማን ማሳ እንደ ገባች ያውቅ ነበር። ፖለቲካ ዐዋቂ ነው እንበለው ወይስ አይደለም?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ አንድ የቆየ መጽሐፍ ሄድን። አሌክሲ ደ ቶክቪል የተባለው ፈረንሳዊ በ1831 ከወዳጁ ከቦሞን ጋር ወህኒ ቤቶችን ለመመርመር አሜሪካ ገብቶ ዘጠኝ ወር ያህል ቆየ። «ዴሞክራሲ በአሜሪካ» የተባለውን መጽሐፉን በ1835 እና በ1840 በሁለት ክፍል አሳተመ። አንድ የክበባችን አባል በስልኩ ላይ አለው፤ ባትሪው እስኪያልቅ የተመረጡ ምዕራፎች አነበብን። ቶክቪል የታዘበው እንዲህ ነው፦ ተራውን አሜሪካዊ ስለ አውሮፓ ብትጠይቀው ነገሩ ጭጋግ ይሆንበታል፤ ያልተጣራ ወሬ በድፍረት ይነግርሃል። ስለ ራሱ አገር ስትጠይቀው ግን ጭጋጉ ይገፈፋል፤ መብቱ ምን እንደ ሆነ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚጠቀምበት፣ ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ አጥርቶ ያስረዳል። ይህንንም ዕውቀት ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። በመንደር ስብሰባ ተቀምጦ፣ ዳኛ ፊት ከሕዝብ ተመርጦ ለፍርድ ተሰይሞ፣ ሕግ አውጭውን ሲመርጥ እየሠራ የተማረው ነው። የፓይል ግልባጭ ማለት ነው። ለአስተማሪ ይህ ምዕራፍ ያስቀናል፤ እኛ በሰሌዳ ላይ ጽፈን ያልሆነልንን ትምህርት እነዚያ ሰዎች በእጃቸው ይሠሩት ነበር።

እንዲህ እያልን ወደ ማድነቁ ስናዘነብል ከዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ መጣ። በ1831 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ ቶክቪል በሜምፊስ በኩል ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነበር። ቾክቶ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከርስታቸው ተነቅለው ወንዙን ሲሻገሩ አየ። ቤተሰባቸውን ይዘዋል፤ ቁስለኛ አለ፣ አራስ ልጅ አለ፣ ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ አለ። ድንኳን የላቸውም፤ ያላቸው ጥቂት ስንቅና ጥቂት መሣሪያ ነው። ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም። ሁሉም ጀልባው ላይ ከወጡ በኋላ ከዳር የቀሩት ውሾች ባለቤቶቻቸው ለዘላለም እንደሚሄዱ ሲያውቁ አላዘኑና ወደ በረዶው ውኃ ገቡ፤ እየዋኙ ተከተሉ። ይህን ክፍል ተርጉሞ ለመጨረስ ተራኪያችን ሁለት ጊዜ ቆመ። በዚህ ካምፕ ወንዝ ሳይሻገር የመጣ ጥቂት ነው፤ ውሻውን ጥሎ ያልመጣም እንዲሁ።

እነዚያ ሰዎች የተነቀሉት በሕግ ነው። ሕጉ በ1830 በምክር ቤት ክርክር ተደርጎበት፣ ድምፅ ተሰጥቶበት የወጣ ነው። ያወጡትን እንደራሴዎች የመረጡት ቶክቪል ያደነቃቸው፣ መብታቸውንና የሕጉን መንገድ አጥርተው የሚያስረዱ ዜጎች ናቸው። እንግዲህ እዚህ ላይ አለማወቅ የቱ ጋ ነው? ሻይ ቤቱ መልስ የለውም። ካርታ በማወቅ የሚድን ነገር ቢሆን ኖሮ ቾክቶዎቹ ይኖሩበት የነበረው መሬት በካርታ ላይ በትክክል ተለክቶ ነበር።

ቁጥር የሚወዱ አንባቢያን አሉና አንድ ቁጥር እንስጥ። ናሽናል ጂኦግራፊክ በ2006 ያስጠናው ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ከሆኑት አሜሪካውያን ከ10 ስድስት ያህሉ ኢራቅን በካርታ ላይ ማሳየት እንዳልቻሉ ገልጿል። ሠራዊታቸው ኢራቅ ከገባ ያኔ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቁጥሩ ያሳፍራል፤ ሣቂዎቹ ፈጽሞ ተሳስተዋል አንልም። ነገር ግን ያ ጦርነት ሊጀመር ሳለ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003፣ በኒውዮርክ ብርድ መቶ ሺዎች ለተቃውሞ ወጥተዋል፤ ጦርነቱም ተጀምሯል። የማያውቁት ስላላወቁ ብቻ፣ የሚያውቁትም ስላወቁ ብቻ የሆነ ነገር የለም።

ወደ ጃንዋሪ 2025 እንመለስ። እጩው የስደተኞችን ቅበላ እንደሚያግዱ በምርጫው ዘመቻ አልደበቁም፤ በ2017ም ለ120 ቀናት አግደው ነበር። ስለዚህ ከመረጧቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሳያውቁ መረጡ ለማለት ያስቸግራል። አንዳንዱ የዳቦና የቤት ኪራይ ዋጋ አስቦ መርጧል፤ እኛ በሐሳቡ አልነበርንም። አንዳንዱ እኛን አስቦ መርጧል፤ እንዳንመጣ። በዚያው በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የታገዱ ስደተኞችና ስደተኛ የሚቀበሉ ድርጅቶች በሲያትል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ በየከተማው ለማያውቁት ቤተሰብ አልጋ ያዘጋጁ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ አሜሪካኖች ናቸው። «አያውቁም» የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትቶ ያስርልናል፤ ለዚህ ነው የሚጥመን። ሞኝ የሆነ ሰው በር ቢዘጋብህ በሩን የዘጋው ሞኝነቱ ነው፤ ዐውቆ የዘጋብህ እንደሆነ ግን ጉዳዩ ከአንተ ጋር ነው። ሁለተኛው በእጅጉ ይከብዳል፤ ሣቃችንም ከዚህ ክብደት ለማምለጥ ያበጀነው ይመስለናል። በመጨረሻው ረቡዕ ይህን ስንናገር የተቆጡ ነበሩ። አንዱ ወንድማችን፣ ከበረራቸው የቀሩት አንዱ፣ «እናንተ ደግሞ ለነሱ ጠበቃ ሆናችሁ?» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። አልመለስነውም። መጽሐፍ አንብበን ስለ እርሱ ሐዘን የምንነግረው እኛ ማነን?

በነገራችን ላይ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያሉት የአገሩ ባላባቶች፣ መሬታቸው ላይ የተቀመጥንባቸው ሰዎች፣ ከብታቸውን ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ለዓመታት አይተናቸዋል። ስንቶቻችን ሰላምታቸውን በቋንቋቸው እንመልሳለን? በክበቡ ውስጥ ቆጠርን፤ ከ19 ሰው ሦስት። ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ ከሰል ከነሱ ይገዛሉ።

አሁን ወደ ካርዱ። በመጽሐፉ ጀርባ በተለጠፈው ካርድ ላይ የተመቱት ቀኖች በመጀመሪያ የተራራቁ ናቸው፤ በዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ከ1965 ጀምሮ ይቀራረባሉ። በ1967ና በ1968 መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ ያደረ አይመስልም፤ ሌላው እስኪመልሰው ይጠበቅ እንደ ነበር ያስታውቃል። እነዚያ ዓመታት ከእንደዚህ ያሉ ከተሞች ወጣቶች ለጦርነት ወደ ቬትናም ይላኩ የነበረባቸው ዓመታት ናቸው። መጽሐፉ በከተማው ሕዝብ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ የሚወቅሰውም ያንኑ ሕዝብ ነው። የአሜሪካ ሠራዊት ከቬትናም የወጣው በ1973 ነውና ንባቡ ጦርነቱን አላቆመም። ከወሰዱት ሰዎች አንዱ በእርሳስ የማስመር ልማድ ነበረው። በአብዛኛው ያሰመረው ስለ ፍቅር በተነገረበት ቦታ ነው። ፓይል ጫማውን በሚያይበት ገጽ ላይ ግን አላሰመረም፤ ከዳር የጥያቄ ምልክት አድርጎ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው፣ በሌላ እርሳስ፣ ሁለተኛ የጥያቄ ምልክት ጨምሯል።

መጽሐፉ አሁን ያለው ተነሥቶ በወጣው ወንድማችን ዘንድ ነው፤ በማግስቱ መጥቶ ወሰደው። ሲመልስ ተራው የሚቀጥለው ብሎክ ነው። በካርዱ ላይ ከታች ስድስት ባዶ መስመሮች አሉ፤ የሚወስድ ሰው ቀኑን ይጻፍበት።